ሰርቨር እንግዛ ወይስ እንከራይ?

ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋሮቢት፣ ከአረርቲና ከመሐል ሜዳ የመጣችሁ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ሰርቨር፣ ማለትም መረጃና ፕሮግራም ይዞ ሌሎች ኮምፒውተሮችን የሚያገለግል ኮምፒውተር፣ ሲታሰብ ሁሉም ቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ከዋጋው በፊት ግን ተጠቃሚዎቹ የት እንዳሉ ይታይ። በሰርቨሩ ላይ የሚጫነው ሥርዓት የሚሠራው በአንድ ግቢ ውስጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ የሕሙማን መዝገብ ከሆነ፣ ግዙ፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም። ከየወረዳው የሚገቡበት ከሆነ ግን ዳታ ሴንተር፣ ማለትም ብዙ ሰርቨሮች በአንድ ላይ የሚተዳደሩበት ማዕከል፣ ውስጥ ተከራዩ።

የሚገዛ ሰው የማሽኑን ዋጋ ብቻ አያስላ። 300 ዋት የሚስብ ሰርቨር ሌት ተቀን ሲሠራ በዓመት 2,628 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያሠራ መሣሪያ)፣ ጄኔሬተርና መለዋወጫ ዲስክ ይጨመሩበት። የዩፒኤስ ባትሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት ቢያገለግልም፣ እንደ ሸዋሮቢት ባለ ቆላ ቶሎ ይደክማል።

«ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም» የሚለው አባባል ብዙ ማሽን ያስበላል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ በመሆኑ ሙቀት ጠርጎ የማውጣት አቅሙ ደካማ ነው። ብዙ ሰርቨሮች የክፍሉ ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ቢደርስም ይሠራሉ የሚባለው እስከ 900 ሜትር ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል። እዚህ የሚፈቀደው የሙቀት ጣሪያ ከ29 ዲግሪ በታች ይወርዳል ማለት ነው። በሩ ተቆልፎ የሚውል ጠባብ ክፍል ይህን በቀላሉ ያልፋል። በውርጭ ወራት ደግሞ ጠፍቶ ያደረን ማሽን ክፍሉ 10 ዲግሪ ሳይደርስ አታስነሱት። ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ጄኔሬተርም በዚህ ከፍታ የኃይሉን ሩብ ያህል ስለሚያጣ ኃይሉ ከፍ ያለውን ግዙ።

ለተከራይ ውሉ ወሳኝ ነው። ዲስክ ሲበላሽ በስንት ሰዓት ይቀይራሉ? ማሽኑ አልነሳ ሲል ከርቀት ስክሪኑን ማየት ትችላላችሁ? የውጭ አገር ኪራይ በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን በብር ሲመነዘር ወጪው ከወር ወር ይለያያል። ክፍያ ሲዘገይ መጀመሪያ አገልግሎቱ ይታገዳል፣ ቀጥሎ ዲስኩ ይጠፋል። የሰው የግል መረጃ ወደ ውጭ ከመላካችሁ በፊትም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አንብቡ።

ገዛችሁም ተከራያችሁ፣ ሬይድ፣ ለምሳሌ አንድን መረጃ በሁለት ዲስክ እኩል መጻፍ፣ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አይደለም፤ በስሕተት የተሰረዘ ፋይል ከሁለቱም ዲስክ እኩል ይሰረዛል። ቅጂው ሌላ ሕንፃ ይቀመጥ፣ በየወሩም አንድ ፋይል መልሳችሁ ፈትሹ።

አመሰግናለሁ፤ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።