ታንኳውስ የት ይረፍ?

(ከጎርጎራ በታንኳ ቀዝፈው ባሕር ዳር ለገቡ ወጣቶች በተደረገ አቀባበል ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የከተማችን የሥራ ኃላፊዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እናንተ መዳፋችሁ ተልጦ የመጣችሁ ልጆች፣ እንኳን በሰላም ገባችሁ!

የጋበዙኝ ሰዎች ጡረታ የወጣሁ መርከብ ነጂ ስለሆንኩ ስለ ጉዞው እንድናገር ነበር ያሰቡት። ጉዞውን የተጓዙት ይንገሯችሁ። እኔ የምናገረው ስለ መድረስ ነው።

ከጎርጎራ ተነስቶ በደልጊ፣ በቁንዝላና በደቅ በኩል ባሕር ዳር መግባት ለመርከብ እንኳ መንገድ ላይ ማደርን የሚጠይቅ ጉዞ ነው። ጣና ደግሞ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ጥልቀት የሌለው ውሃ፣ ጥልቀት እንደሌለው ሰው፣ ቶሎ ይቆጣል። ነፋስ ሲነካው ማዕበሉ አጫጭርና ተደራራቢ ይሆናል። ስለዚህ የሐይቁ ሰው ጎሕ ሳይቀድ ተነስቶ ረፋድ ላይ ዳር ይይዛል፤ የከሰዓቱን ነፋስ ከመሬት ሆኖ ያየዋል።

ከመንገዱ ሁሉ የሚያሰጋው የመጨረሻው ነው። ዘጌ ታልፎ፣ የክብራን ገብርኤል ደሴት ከኋላ ቀርቶ፣ ከተማው ፊት ለፊት ሲታይ ቀዛፊው «ደረስኩ» ይላል። ክንዱ ይላላል፤ ዓይኑ ውሃውን ትቶ ሕንፃ መቁጠር ይጀምራል። ታንኳው የሚከብደውም ያኔ ነው። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል፣ ያ በሐይቁ ዳር የሚበቅለው ሸምበቆ መሰል ተክል፣ በውስጡ አየር ስላለው ይንሳፈፋል፤ ውሎ ባደረ ቁጥር ግን ውሃ እየጠጣ ዝቅ ይላል። የደከመ ሰው በከበደ ታንኳ ላይ፣ ያውም ነፋስ በሚነሳበት ሰዓት! እነዚህ ልጆች ትናንት የባሕር ዳር መብራት እየታያቸው ዘጌ ማደራቸውን ስሰማ፣ ከቀዘፉት ርቀት ይልቅ ያ ውሳኔ አኮራኝ። ትንሽ ናት የቀረችው ብሎ መገስገስ ምን ያቅታል?

ዛሬ ጠዋት ግን ከዳር ቆሜ ሳያቸው ተናደድኩ። ማረፊያ አጡ። እዚህ ሲጠጉ የድንጋይ ግንብ፣ እዚያ ሲጠጉ የመዝናኛ ቦታ አጥር። የመርከቡ ማቆሚያ ለመርከብ የተሠራ ስለሆነ ከፍታው ለታንኳ አይሆንም። ታንኳ ግንብ አያስፈልገውም። የሚፈልገው የሚሳብበት ተዳፋት መሬትና የሚደርቅበት ፀሐይ ነው። ሳይደርቅ ከከረመ ይበሰብሳል።

ታንኳ ዘመኑ አልፎበታል የምትሉ ካላችሁ 1995 ዓ.ም.ን ላስታውሳችሁ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,785 ሜትር በታች ሲወርድ መርከቦቻችን ቆሙ። እኛ ነጂዎቹ ዳር ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ፣ ጥቂት ውሃ የሚበቃው ታንኳ በፊታችን ያልፍ ነበር። (አንዳንዱ ቀዛፊ ሰላምታውን ሆን ብሎ ያስረዝመው ነበር።) በዚያው ጊዜ ውሃው የሸሸበት ዳር ታረሰ፤ ደንገሉም ከብዙ ቦታ ጠፋ። ታንኳ መሥራትን ከአባት ከአያት የወረሱት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ዛሬ ደንገል ፍለጋ ይንከራተታሉ። የዛሬው ጭብጨባ ለእነርሱም ይድረስ።

ክቡራን ኃላፊዎች፣ ጥያቄዬ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሪባን የሚቆረጥለትም ሥራ አይደለም፤ ምናልባት እስካሁን የዘገየው ለዚህ ይሆናል። ከዳርቻው አንድ ቁራጭ መሬት ሳይታጠርና ሳይገነባበት ለታንኳ ይተውልን። ዳሩ ላይ ደንገል ይተከልበት። ዓሣ አስጋሪውም፣ ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣውም ይረፍበት።

በሉ፣ ምሳው እስኪቀርብ ጉልበት ያላችሁ ከእኔ ጋር ወደ ታች ውረዱ። ታንኳዎቹ እስካሁን ከግንቡ ሥር ውሃ ላይ ናቸው፤ አንዱን ስቦ ለማውጣት አራት ሰው ይበቃል። ኃላፊዎችም ኮታችሁን አውልቃችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል።