ከሁሉቃው ስር ጎንበስ ብዬ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ፊቼ ጨምበላላ ላወራችሁ ነው፣ ስለ ሲዳማ ዘመን መለወጫ። ስለ ራሴም ጭምር።

አባቴ ሲዳማ ነው። እኔ ግን አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ፣ ሲዳምኛ የማልችል ሰው ነኝ። «የየት አገር ልጅ ነህ?» ስባል «የዚሁ» ብዬ ወሬ እቀይር ነበር። በ2008 ዓ.ም. በዓሉ በዩኔስኮ ሲመዘገብ ግን ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩ። ሰው «እንኳን ደስ ያለህ» ሲለኝ አመሰግናለሁ እላለሁ፣ አንድም ቀን በዓሉ ላይ አለመገኘቴን ዋጥ አድርጌ።

በኋላ ልሂድ አልኩ። መጀመሪያ የቸገረኝ ምን መሰላችሁ? ቀኑ! አክስቴ ጋ ስደውል «አያንቶዎቹ ገና አልተናገሩም» አለችኝ። አያንቶ ማለት ከዋክብትንና ጨረቃን እያየ ቀን የሚቆርጥ አዋቂ ነው። እስቲ ይህንን ለአለቃዬ አስረዱልኝ፣ «የዓመት ፈቃድ ስጠኝ፣ ቀኑን ኮከብ ታይቶ እነግርሃለሁ»!

ብቻ ደረስኩ። በዋዜማው ምሽት ሥጋ አይበላም። በዓል ሲባል ዶሮና በግ ለሚታየው እንደኔ ላለ ሰው ይገርማል። ደጅ ላይ ከእርጥብ እንጨት የተሠራ ሁሉቃ ቆሟል፣ ሰውም ከብቱም በስሩ ያልፋል፣ ከአሮጌው ዓመት ወደ አዲሱ ለመሻገር። እኔ ከዳር ቆሜ በስልኬ እቀርጻለሁ። አክስቴ አየችኝና «አንተ ደግሞ እንግዳ ነህ እንዴ? እለፍ!» ብላ ጀርባዬን ገፋችኝ። ረጅም ነኝ፣ ጎንበስ ብዬ አለፍኩ። ከኋላዬ ጥጃ። ቪዲዮው ላይ የሚታየው መሬትና ጫማዬ ብቻ ነው።

ከዚያ ቡሪሳሜ ቀረበ፣ እንሰት በወተትና በቅቤ። ትውፊቱ፣ ያገባች የሲዳማ ሴት በዓመት አንዴ ይህንኑ ይዛ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ትጠይቅ ነበር፣ ጎረቤትም ይቋደስ ነበር ይላል። እሷ በየዓመቱ፣ እኔ በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ ያውም ኬክ ይዤ።

ማታ ለአባቴ የበዓሉን ሰላምታ፣ «አይዴ ጨምበላላ» ብዬ በድምፅ ላኩለት። አጠራሬን የሰሙት የአክስቴ ልጆች በሳቅ ፈረሱ። አባቴ በሲዳምኛ መለሰልኝ፣ ረዘም አድርጎ። ዕድሜ ልኬን በአማርኛ ብቻ ያወራኝ ሰውዬ! ስልኩን ለአክስቴ ሰጠኋት። ሰማችው፣ ደግማ ሰማችው። «ቅቤ ያብዙልህ ነው የሚለው» አለችና ሻፌታውን፣ ቡሪሳሜው ያለበትን የሸክላ ገበታ፣ ወደኔ ሳበችው።