ከላይ የጠፋው ውሃ የት ሄደ?

እሺ፣ እየቀዳ ነው። እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ ወንበር ልባስ ነበር የምናወራው፣ እሱ ይቆየን። የሰንሩፉ፣ ያ የመኪና ጣሪያ ላይ የሚከፈተው መስታወት፣ ወደ ውስጥ የማፍሰሱ ጉዳይ ባለፈው ያለቀ መስሎኝ ነበር፣ አላለቀም። ባፈሰሰ ቁጥር ዙሪያውን ሲሊኮን የምትቀቡት የሲሊኮን ማኅበር አባላት፣ አዎ እናንተን ነው፣ ዛሬም ትነካላችሁና ከአሁኑ ተመቻቹ።

የሚያብሰለስለኝ አንዲት ቅጽበት ናት። መኪናው ጎሚስታ ጋ ይቆማል፣ ሰንሩፉ ይከፈታል፣ ጥጉ ላይ ያለችው ቀዳዳ ላይ የኮምፕሬሰሩ አፍ ይደገናል። ፉሽሽ ይላል። ከዚያ ከውስጥ "ጷ" የምትል ድምፅ ትመጣለች። እዚያው ተጠራቅሞ የነበረው ጥቁር ውሃ በአንዴ ሽው ብሎ ይወርዳል። የቆመው ሁሉ "ተከፈተ!" ይላል፤ ሂሳብ ይከፈላል፣ መኪናው ይሄዳል።

እኔ ግን "ጷ" ላይ ቀርቻለሁ። ያቺ ድምፅ ሁለት ትርጉም አላት። ወይ የጭቃው ውታፍ ተተኩሶ ወጥቷል፣ ወይ ደግሞ ውሃውን ወደ ታች የሚያወርደው ቱቦ ከአንገቱ፣ ቀዳዳዋ ሥር ከተሰካበት አፍ ማለቴ ነው፣ ተነቅሎ ኮርኒሱ ውስጥ ተንጠልጥሏል። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው። በሁለቱም ውሃው ይጠፋል። በሁለቱም ሰው ደስ ይለዋል!

ለአዲሶቹ ባጭሩ፦ ሰንሩፍ ውሃ ጭራሽ እንዳያልፈው ተደርጎ የተሠራ ነገር አይደለም። በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ጎማ አብዛኛውን ይመልሳል፣ ያመለጠው ከሥሩ ባለው አሸንዳ ላይ ይወድቃል። አሸንዳው በአራቱም ጥግ ቀዳዳ አለው፣ ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ቱቦ ይነሣል። የፊቶቹ ሁለቱ ከፊት መስታወት ጎንና ጎን ባሉት ምሰሶዎች ውስጥ ወርደው፣ እንደ መኪናው ዓይነት፣ በፊት በር ማጠፊያ አካባቢ ወይም ከፓራፋንጎው ጀርባ ይወጣሉ። የኋላዎቹ በኋላ ምሰሶዎች ወርደው ከፓራውልቱ ጀርባ ወይም ጎማው አካባቢ ያፈሳሉ። የቱቦው የውስጥ ስፋት በብዙዎቹ 8 ወይም 10 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። እዚህ ጅማ ደግሞ በጋውን ሙሉ አቧራ ይሰበስባል፣ ግራቪሊያ ሥር ያደረ መኪና ያቺን የደረቀች፣ የተበጣጠሰች ቅጠል ይሰበስባል፣ መጋቢት ላይ ዝናቡ ሲጀምር ሁሉም ተቦክቶ ቀዳዳዋ ላይ ይቀመጣል። የኛ ዝናብ እንደሌላው አገር ሐምሌን አይጠብቅም፣ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ፍተሻው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው። ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ውሰዱ፣ ክዳኑን በምስማር አንድ ቦታ ብሱት፣ ውሃ ሙሉት። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። ሰንሩፉን ክፈቱና አንዱን ጥግ ብቻ መርጣችሁ ቀስ አድርጋችሁ ጭመቁ። ሌላ ሰው ከታች ሳፋ ይዞ መውጫው ላይ ይጠብቅ። ጤነኛ ቱቦ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከታች መፍሰስ ይጀምራል፣ አሸንዳውም አይሞላም። አሁን ዋናው ነገር ይመጣል፦ ሳፋው ላይ የተጠራቀመውን መልሳችሁ ጠርሙሱ ውስጥ ገልብጡት። ጥቂት ማንኪያ ቢጎድል አሸንዳው ላይ የቀረው ነው። ሲሶው ከጎደለ ግን ያ ሲሶ የሆነ ቦታ ሄዷል፣ የሄደበት ቦታ ደግሞ ምንጣፉ ሥር ነው። አራቱንም ጥግ አንድ በአንድ፣ መሐል ላይ እያደራረቃችሁ። በጎማ ቱቦ ከቧንቧ ቀጥታ አትልቀቁበት፤ አሸንዳው ሞልቶ ከፈሰሰ ምኑ እንደፈሰሰ ማወቂያ የለም።

ሜዳ ላይ ካለፈ ደግሞ ተዳፋት ላይ ድገሙት። ወደ ጅረን ኮረብታ ሽቅብ የቆመ መኪና ውሃው ሁሉ ወደ ኋላ ጥጎች ይሄዳል፣ ቁልቁል ያፈጠጠ ደግሞ ወደ ፊት። "አንዳንዴ ያፈሳል፣ አንዳንዴ አያፈስም" የሚባለው መኪና አብዛኛውን ጊዜ ጠባዩ ሳይሆን የቆመበት ቦታ ነው የተለያየው።

ቆይ ግን፣ ከዚያ በፊት ሰንሩፉ መሆኑንስ በምን ታውቃላችሁ? የፊት ተሳፋሪ እግር ሥር ንጹሕ ውሃ፣ ያውም ኤሲ ከተከፈተ በኋላ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የኤሲው ማፍሰሻ ነው። ቀለም ያለውና ጣፋጭ የሚሸት፣ ጣት ላይ የሚያሙለጨልጭ ከሆነ የራዲያተር ውሃ ነው፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። የኋላ ኮፈን ውስጥ ስኮርት ጎማው ተቀምጦበት ያለው ጉድጓድ ውሃ ከያዘ የኋላ ቱቦዎችን ጠርጥሩ፣ የኋላ መብራቶቹን ጎማም እንዲሁ። ኮርኒሱ ጥጉ ላይ ቡናማ ክብ ከሠራ ግን ወሬ የለም፣ ከላይ ነው። ለማረጋገጥ ሶፍት ቁራጭ ቁራጭ አድርጋችሁ በምሰሶው ፕላስቲክና በኮርኒሱ መገጣጠሚያ ላይ ወትፉ። መጀመሪያ የረጠበችው ሶፍት ትናገራለች።

ወደ ጽዳቱ። የሣር ማጨጃ ማሽን ክር፣ ያ ክብ ናይለን፣ 2 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 3 ሜትር ይበቃል። ጫፉን በላይተር አቅልጡና ትንሽ ድቡልቡል ራስ አውጡለት፣ ቱቦውን እንዳይበሳው። የብስክሌት ፍሬን ሽቦም ይሠራል የሚሉ አሉ፤ ይሠራል፣ የተቆረጠው ጫፉ ግን እንደ መርፌ ነው፣ መታጠፊያው ላይ ቱቦውን ወግቶ ይወጣል። ክሩን እያሽከረከራችሁ ግፉ። ሲቆም አትታገሉት፤ ሳቡት፣ ጥረጉት፣ መልሱት። መውጫው የሚታይ ከሆነ ደግሞ ከታች ወደ ላይ መሥራት ይሻላል፣ ምክንያቱም ውታፉ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ከታች ጫፉ ጋ ነው። ከዚያ በትልቁ ስሪንጅ ለብ ያለ ውሃ ከጥቂት የዕቃ ሳሙና ጋር፣ ቀስ ብሎ። መኪናው ጸረ ዝገት ከሥር ተረጭቶ ከሆነ መውጫው በሬንጁ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ላይ ታች ብትሉ ክር አይከፍተውም፣ ከታች ገብቶ በእጅ መፋቅ ነው።

እና ኮምፕሬሰር... አያችሁ፣ ተመልሼ መጣሁ። ጎማ 30 እና 35 የምንሞላበት ኮምፕሬሰር ጋኑ ውስጥ፣ በዚያው የአየር ግፊት መለኪያ፣ ከ100 ፒኤስአይ በላይ ይይዛል። ቱቦው አንገቱ ላይ የተያዘው በመጥበቁ ብቻ ነው፣ ብዙዎቹ ላይ ማሰሪያ እንኳ የላቸውም። ከታች ተደፍኗል፣ ከላይ አየሩ ይገፋል፣ መሐል ላይ ያለው ውሃ አይታመቅም። የቱ ይለቃል? ስንት ዓመት በፀሐይ ደርቆ የጠነከረው ጭቃ፣ ወይስ በዚያው ፀሐይ ደርቆ አፉ የሰፋው ቱቦ? ጎሚስታው ምንም አላጠፋም፣ "ንፋልኝ" ተባለ፣ ነፋ። የሚያናድደኝ እሱ አይደለም። የሚያናድደኝ ሁላችንም ከላይ አይተን "ተከፈተ" ማለታችን ነው። ማንም ጎንበስ ብሎ ከታች...

ዝናቡ መጣ፣ ይሰማችኋል? ቆርቆሮው እስኪረጋጋ ጮክ ልበል።

ቱቦው ተነቅሎ ከሆነ ኮርኒሱን ጥግ ብቻ ማውረድ ነው። ምሰሶው ፕላስቲክ ላይ "ኤስአርኤስ ኤርባግ" የሚል ካለ፣ ያ በግጭት ጊዜ የሚነፋው ከረጢት ማለት ነው፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱና ጥቂት ደቂቃ ሳትነኩት ጠብቁ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ኤርባጉ እንዴት እንደተቀመጠ አይታችሁ ካልገባችሁ ለሚያውቅ ሰው ስጡት፣ አያሳፍርም። ከዚያ የበሩን ዙሪያ ጎማ ከላይ በኩል ሳቡ፣ የፀሐይ መከላከያውንና እጀታውን ፍቱ፣ የምሰሶውን ፕላስቲክ በካቻቢቴ ሳይሆን በፕላስቲክ ነገር አላቁ፣ ክሊፕሶቹ ይሰበራሉና። ኮርኒሱን እጃችሁ እስኪገባ ብቻ ዝቅ አድርጉት፣ ከታጠፈ እጥፋቱ አይጠፋም።

የቱቦውን አፍ ታገኙታላችሁ፣ ሰፍቶ፣ ደርቆ። ከአፉ 1 ሳንቲሜትር ያህል ቁረጡና ጤነኛው ላይ ድረሱ። ጫፉን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አንገቱ ላይ 2 ሳንቲሜትር ያህል ግፉት፣ በትንሽ ፋሼታ ወይም በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩት፣ ሳታንቁት። ከተሰነጠቀና ቁራጭ መቀጠል ካስፈለገ መርካቶ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡት ጋ ግንበኞች የውሃ ልክ የሚያዩበት ያ ጥርት ያለ ቱቦ አለ፣ በሜትር ይቆረጣል። የድሮውን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱና የውስጡን ስፋት አመሳስሉ። መገጣጠሚያው ቀጥ ባለው ቦታ ይሁን፣ መታጠፊያ ላይ ከሆነ ቅጠል ይይዛል። ኮርኒሱን ሳትመልሱ ያንን ግማሽ ሊትር እንደገና። ለኤርባጉም ቱቦው ከፊቱ እንዳይጋረጥ እዩ።

ሲሊኮን። እሺ፣ ተነፈስኩ። ዙሪያውን ሲሊኮን ስትቀቡ፣ አንደኛ መስታወቱ ተጣብቆ ሳለ አንድ ሰው ቁልፏን ይጫናል፣ ሞተሩ ይታገላል፣ ፊውዙ ወይም ጥርሱ ይሄዳል። ሁለተኛ ያ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ቆርቆሮ ያዝጋል። ሦስተኛ፣ ትርፉ ወደ አሸንዳው ወርዶ ቀዳዳዋን ይደፍናል። ማሸጊያ ትክክል የሚሆንበት አንድ ቦታ አለ፦ አሸንዳው ራሱ ጥጉ ላይ ሲሰነጠቅ። እሱም ሲሊኮን ሳይሆን የፊት መስታወት የሚለጠፍበት ጥቁሩ ፖሊዩሬታን ነው፣ ጸድቶና ደርቆ። የማይከፈት ጣሪያ መስታወት ደግሞ፣ ከ2016 ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ሲከለከል የበዙት ኤሌክትሪኮቹ ላይ እንዳለው፣ አሸንዳም ቱቦም የለውም። እሱ ካፈሰሰ ማጣበቂያው ነው፣ የቤት ሥራ አይደለም።

የመስታወቱ ዙሪያ ጎማስ? ለስላሳ ሳሙና፣ ማድረቅ፣ ከዚያ ስስ የሲሊኮን ቅባት። አዎ ሲሊኮን አልኩ፣ ሳቁ፤ ቅባቱ ሌላ፣ ማሸጊያው ሌላ። ቫዝሊንና ግራሶ ጎማውን ያሳብጡታል። መስታወቱን ስትዘጉ ወረቀት ቁራጭ አስይዛችሁ ሳቡ፣ ዙሪያውን እኩል መያዝ አለበት። የላላበት ቦታ ካለ በጎን ያሉትን ብሎኖች፣ ብዙዎቹ በባለ ኮከብ ራስ ቁጥር 25 መፍቻ የሚፈቱ ናቸው፣ አላልታችሁ ከፍታውን አስተካክሉ። የፊቱ ጠርዝ ከጣሪያው እኩል ወይም ለጥቂት ዝቅ፣ የኋላው እኩል ወይም ለጥቂት ከፍ፣ ከ1 ሚሊሜትር ሳይበልጥ።

ማድረቁን እንዳትዘሉት። ምንጣፉ ከላይ ደርቆ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ውሃ አዝሎ ይከርማል፣ ሽታው ከዚያ ነው፣ ዝገቱም። በአንዳንድ መኪና ደግሞ የሽቦ መገጣጠሚያ እዚያው ወንበር ሥር ነው። ስፖንጁን አውጥታችሁ እንደ ቡና ከፍ ያለ ማስጫ አልጋ ላይ አስጡት፣ አየር ከሥሩም ይግባው። ሲሚንቶ ላይ ከተነጠፈ በዚህ ወር አይደርቅም።

አንድ የቀረኝ... የቱቦው መውጫ ላይ በአንዳንድ መኪና ትንሽ የጎማ አፍ አለች፣ ከንፈር ነገር፣ ውሃ አስወጥታ አቧራና ነፍሳት እንዳይገቡ የምትዘጋ። ጭቃ የሚይዘው እሷ ላይ ነው። በሁለት ጣት ጨምቆ ማጽዳት ይቻላል፣ ብዙ ሰው ግን ቆርጦ ይጥላታል። ክረምት ላይ ካሰብኩት መቁረጡ ትክክል ይመስለኛል። ጥር ላይ፣ ያ የመንደሩ መንገድ አቧራ ሲነሣ ሳስበው ደግሞ... የኋላዎቹን ቆርጦ የፊቶቹን መተው? ግን የፊቶቹ ናቸው የሚደፈኑት። የኋላዎቹ ደግሞ ጎማው ጭቃ የሚረጨው ቀጥታ እነሱ ላይ ነው፣ ስለዚህ ከንፈሯ እዚያ ትጠቅማለች፣ ስለዚህ የኋላውን መተው ነው፣ እና የፊቱን... እስቲ ቆይ፣ ባትሪው ቀይ እያለ ነው፣ ይቺን ሳልጨርስ ሊጠፋ ነ—