የጋሼ ሞተር፣ የሱሉልታ ላም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ስለ ሞተሩ ነው፤ አጎቴ ጋሼ ሲያርፍ ስለቀረልኝ ሞተር ብስክሌት። «ፖድካስቱን ጋራዥ አደረግኸው» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ እውነት አላችሁ፤ የምመልሰው የለኝም። ከበስተኋላዬ የሚሰማው ያው የምታውቁት አህያ ነው። ማይክሮፎኑን ስከፍት ይጀምራል። አንድ ቀን እንግዳ አድርጌ ሳላቀርበው አልቀርም።

ሞተሩ ተነሥቷል። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ በኋላ ወደ ሌላ ነገር ስሄድ እረሳዋለሁ። ካርቡራተሩ ተፈትቶ ታጠበ፤ ውስጡ የቀረው ቤንዚን ደርቆ ሙጫ ሆኖ ነበር። የሰልባትዮው፣ የቤንዚን ማጠራቀሚያው፣ ዝገት ወጣ። ካንዴላው ተቀየረ። ከመነዳሪዎቹ፣ የጎማዎቹ ውስጠኛ ላስቲኮች፣ ሁለቱም አዲስ ናቸው። ጊዜ የወሰደብን ዘይቱ ነው። ያማሃ ኤጂ 100 ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚያቃጥል ሞተር ነው፤ ለዘይቱ የራሱ ማጠራቀሚያና ትንሽ ፓምፕ አለው። ብዙ ጊዜ ሳይሠራ ከቆመ መስመሩ ውስጥ አየር ሊገባ ይችላል። አየር ካለ ዘይት አይደርስም፤ ዘይት ካልደረሰ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ ባለ ቀይ ሹራቡ መካኒካችን ፓምፑን አላመነውም። አየሩን ካስወጣ በኋላም ቢሆን ለመጀመሪያው ሰልባትዮ ቤንዚኑን ራሱን ከዘይት ጋር ደባልቆ ሞላልኝ። ሲነሣ ግቢው በሙሉ በነጭ ጭስ ተሸፈነ። እትዬ ከጓዳ ወጥታ ልብስ ከገመድ ላይ መሰብሰብ ጀመረች። ምንም አልተናገረችም፤ ልብሱን ብቻ ሰበሰበች።

ሊብሬው ገና በጋሼ ስም ነው። የውርስ ማረጋገጫው ከፍርድ ቤት ወጥቷል፤ ስም ማዞሩ ይቀራል። ስለ እርሱ ዛሬ አላወራም፤ ደም ግፊቴን ታውቃላችሁ። ሞተሩን ለምን ወደ ቤቴ እንደማላመጣው ለጠየቃችሁም፦ አዲስ አበባ ውስጥ ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ያለ ፈቃድ ሞተር ብስክሌት መንዳት የተከለከለ ነው። ስለዚህ የሚኖረው ሱሉልታ፣ እትዬ ግቢ ነው። እኔ በታክሲ እንጦጦን ተሻግሬ እየሄድሁ እጠይቀዋለሁ።

እቅዱን ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ሲያባራ፣ መንገዱ ሲጠነክር፣ በጫንጮና በሙከ ጡሪ አድርጌ ደብረ ሊባኖስ፤ ከዚያ በፍቼ፣ በገብረ ጉራቻ፣ ጎሃ ጽዮን፤ ከዚያ ቁልቁል ወደ አባይ። በጋውን በሙሉ እንዲህ እየዞርሁ ላሳልፍ። በጃፓን ሞተር ሄጄ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ ማየት። መካኒኩ ይህን ስነግረው አልሳቀም። «ቁልቁለቱን አስበኸዋል?» አለኝ።

አላሰብሁትም ነበር፤ ስለዚህ አስረዳኝ። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል። ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ነሐስ በአነስተኛ ብትቀይራት እዚህ በደንብ ይሄዳል። ግን ከጎሃ ጽዮን አፋፍ እስከ ወንዙ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ታች ስትደርስ አየሩ ወፍራም ይሆናል፤ ያቺው ቀዳዳ የምትሰጠው ቤንዚን ያንሳል፤ ሞተሩም ይግላል። በዚያ ላይ እየወረድህ የቤንዚኑን እጀታ ሙሉ በሙሉ ዘግተህ በማርሽ ብቻ ብትይዘው፣ ፒስተኑ በኃይል እየሮጠ ዘይት ግን በበቂ አያገኝም። የዘይት ፓምፑ የሚታዘዘው በሞተሩ ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ በእጀታውም ነው። «በየመሀሉ ትንሽ ቤንዚን እየሰጠኸው ውረድ» አለኝ። ቁልቁለት ላይ ቤንዚን መስጠት! እግሬ ፍሬን ላይ፣ እጄ ቤንዚን ላይ። ጋሼ ይህን ማን እንዳስተማረው አላውቅም። ምናልባት ማንም አላስተማረውም፤ እርሱ አባይ በረሃ ወርዶ አያውቅም መሰለኝ። ሥራው እዚሁ ነበር።

እሺ፣ ወደ ነገሩ ልምጣ። ስሸሸው ቆይቻለሁ።

ለሙከራ ወጣሁ። ከአስፋልቱ ወርጄ በጠጠሩ መንገድ፣ በግጦሹ መካከል። ያካፋ ስለነበር የጋሼን የዝናብ ካፖርት ለብሻለሁ፤ ያንን አረንጓዴውን፣ በፎቶው ላይ ያያችሁትን። ሄልሜት አድርጌአለሁ። የፊተኛው ፖርቶመጋላ፣ ዕቃ መጫኛው ብረት፣ ያን ዕለት ገና አልተፈታም ነበር። እንግዲህ ከሩቅ ለሚያየኝ ሰው ምን እንደምመስል አስቡት። እኔ አላሰብሁትም።

አንድ ሰውዬ ከአጥር ውስጥ «ዶክተር! ዶክተር!» እያለ ሮጦ ወጣ። ጋሼ ዶክተር አልነበረም፤ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር። ግን አገሩ በሙሉ ዶክተር ነበር የሚለው። ቆምሁ። ሰውዬው በኦሮምኛ ጀመረ። የእኔ ኦሮምኛ ለሰላምታና ለገበያ እንጂ ለላም አይበቃም፤ ዝም ስለው ወደ አማርኛ ተሻገረልኝ። «ላሚቱ ከጠዋት ጀምሮ አላመነዠከችም። የማገጥ ግጦሽ ውስጥ ገብታ ነበር። ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተነፍቷል» አለኝ። ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነበር የሚያወራው። እኔ ሄልሜቱን አላወለቅሁም። ዓይኔ ብቻ ነው የሚታየው። እናም፣ ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም፣ «ዘይት አጠጣችኋት?» አልሁት።

ይህን ነው የማልረሳው። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ጉዳዩ ትክክል መሆኑ አይደለም። ጋሼ ቡና ላይ ሺህ ጊዜ የነገረን ነገር ነው። እርጥብ ማገጥ በብዛት ከበላች ሆዷ ውስጥ አረፋ ይሆናል፤ ጋዙ አረፋው ውስጥ ታስሮ አይወጣም፤ ሆዷ እየተነፋ ሳንባዋን ይጫናል፤ በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ዘይት አረፋውን ይሰብረዋል። ይህን ማንኛውም የቤታችን ልጅ ያውቃል። ግን እኔ እንደ ዘመድ ልጅ አልጠየቅሁም። እንደ እርሱ ነው የጠየቅሁት። ሰውዬውም እንደ እርሱ መለሰልኝ፤ «አጠጣናት ዶክተር፣ የኑግ ዘይት፣ ግማሽ ሊትር ይሆናል» አለ። «አራምዷት» አልሁ። «እያራመድናት ነው» አለ።

አንዳንዴ ሳስበው የሄልሜቱ ማሰሪያ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው ያላወለቅሁት እላለሁ። እውነትም አስቸጋሪ ነው። አንዳንዴ ደግሞ... ሰውዬው ሲያወራ ፊቱ ላይ የነበረው ነገር፣ አንድ የሚያውቅ ሰው መጣልኝ ብሎ የተረጋጋ ፊት። ያ ፊት ለእኔ ተሰጥቶኝ አያውቅም። በሥራዬም አይሰጠኝም፤ እኔ ለባንክ ቅጽ የምሠራ ሰው ነኝ።

አወለቅሁት በመጨረሻ። ለጥቂት ጊዜ አየኝ። «የእርሱ ልጅ ነህ?» «የእህቱ ልጅ ነኝ።» «እርሳቸውስ?» ነገርሁት። አልሰማም ነበር። «ነፍሳቸውን ይማር» ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ፤ በዚያ ካፊያ። እኔ «ከከተማ ሐኪም ላምጣ?» አልሁ፤ ቢያንስ ሞተሩ ይጠቅማል ብዬ። «ደውለናል፣ መንገድ ላይ ነው» አለኝ። ታዲያ እኔን ለምን እንደጠራኝ አልጠየቅሁትም። የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ይሆናል። በዚያ አካባቢ ያ ድምፅ ሲሰማ መሮጥ የለመደ ሰው ይመስላል።

በነገራችን ላይ ይህ ሞተር የተሠራው ለእንደዚህ ያለ ሰው ነው። ስሙ ላይ ያለው ኤጂ የእርሻ ማለት ነው፤ መጀመሪያ የታሰበው ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ ገበሬዎች ነበር። ሰንሰለቱ በሙሉ ተሸፍኗል፣ ጭቃ እንዳይገባው። መቆሚያው በግራም በቀኝም አለ። ፍሪሲዮኑ ላይ ደግሞ ትንሽ መቆለፊያ አለ፤ ማርሽ ውስጥ እንዳለ ትቆልፈዋለህ፣ ትወርዳለህ፣ የአጥሩን በር ትከፍታለህ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ ይጠብቅሃል። ጋሼ መርፌ ወግቶ እስኪመለስ በዚያ ነበር የሚያቆመው። ፊት ለፊት የክትባቱ በረዶ ሳጥን ታስሮ። ደስታ የሚባለውን የከብት በሽታ ታስታውሳላችሁ? በ1880ዎቹ መጀመሪያ የአገሩን ከብት አብዛኛውን ፈጅቶ ክፉ ቀንን ያመጣው። ከዓለም መጥፋቱ የተበሠረው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ። ጋሼ ያን ዕለት ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ ለእትዬ «እኛ ነን!» ይላት ነበር። እኔ ያኔ ሳቅሁበት። ማን ነው «እኛ»፤ አንድ ሳጥን የያዘ ሰው... አዎ፣ ለካ እርሱም አለበት። ብዙ እንዲህ ያለ ሰው በብዙ እንዲህ ያለ ሞተር ነው እኮ... ይቅርታ፣ ርቄ ሄድሁ።

ሰውዬው ጋር ነበርን። ሞተሩን እየዳሰሰ «ለሥራ ነው የምትነዳው?» አለኝ።

«አይ፣ ለጉዞ ነው። አባይ በረሃ ድረስ።»

«እዚያ ዘመድ አለህ?»

«የለኝም። ለማየት ነው።»

«ምኑን?»

ሊያሳፍረኝ ብሎ አልነበረም። እውነት ማወቅ ፈልጎ ነው። እኔም አፌን ከፍቼ... ገደሉን፣ ድልድዩን፣ መንገዱን ልል እችል ነበር። «እንዲሁ» አልሁት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ልጁ ከውስጥ ጠራው፣ ሮጦ ሄደ። እኔ ፍሪሲዮኑን ቆልፌ ቆሜአለሁ፣ ሞተሩ እየሠራ። ገብቼ ላያት? አልገባሁም። አየር ውስጥ ያለው ጭስ ለታመመች ላም አይሆንም ብዬ ነው የሄድሁት። ይህም እውነት ነው፣ ጭሱ ብዙ ነው።

ላሚቱ ምን እንደሆነች አላውቅም። በዚያ መንገድ አልተመለስሁም። በአስፋልቱም ጫንጮ ይደረሳል።

እና አሁን ፖርቶመጋላው። መካኒኩ የፊተኛው መሪውን ያከብዳል፣ ለረጅም መንገድ አያስፈልግህም፣ ሻንጣህን ከኋላ እሰር ብሎ ፈታው። ልክ ነው፣ ቀላል ሆነ፣ መሪው ይታዘዛል። ብረቱ እትዬ ግድግዳ ላይ ተደግፏል፤ የበርበሬ ሰፌድ አስቀምጣበታለች። መልሼ ላስረው ወይ እያልሁ ነው። ለምን? ሳጥን የለኝም፣ ክትባት የለኝም። ባዶ ብረት ይዤ አባይ ብወርድ ያው የማስመሰል ነው። ብተወው ደግሞ ሰዉ አያውቀኝም፣ አይጠራኝም፣ ያ ይሻላል እኮ። ይሻላል? አንዳንዶቻችሁ «ሽጠውና የመንገድ ሞተር ግዛ» ትላላችሁ። እትዬን ጠይቄአት ነበር፤ «ያንተ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ» አለችኝ፤ ግን እንዴት ብላ እንዳለችው... ቆጣ ብላ ይሁን ደክሟት፣ እኔ እንጃ።

የኋላ ጎማው ግን ገና ነው። ጎሚስታው «የጎማው ጥርስ አልቋል፣ ቁልቁለት ላይ አይይዝም» ብሏል፤ በዚህ መጠን ደግሞ ጎማ ማግኘት ቀላል አይደለም። ካገኘሁ ከመስቀል በኋላ እወጣለሁ፤ ካላገኘሁ እስከ ፍቼ ብቻ። ወይም እስከ ጫንጮ። በየትኛው መንገድ እንደሆነ ግን፣ እሱን... አህያው እንደገና ጀመረ። ቆይ፣ መስኮቱን ልዝጋ።