የቮልስ ነዳጅ ታንክ፦ ሥሩ ምን ይነጠፍ? እንዴት ይታሰር?

ሰላም ለሁላችሁ! ዛሬ የቮልስ ኮፈን ከፍተን ብዙ ሰው የማያስበውን ቦታ እናያለን። ቮልስ የሚያሳድስ ሰው ገንዘቡን ቀለምና ወንበር ላይ ይጨርሳል፤ ታንኩን ግን የነበረበት ቦታ መልሶ በአራት ብሎን ጥርቅም ያደርገዋል። ከዚያ መኪናው ይንቋቋል። ዝናብ ሲመጣ የፊት ዕቃ መጫኛው ውሃ ይይዛል። ውስጡ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ከሰበቦቹ አንዱ ይሄ ነው፦ ከታንኩ ጠርዝ ሥር የምትነጠፈው ጎሚኒ።

[ምስል፦ ኮፈኑ ተከፍቶ ታንኩ ከላይ ሲታይ]

የቮልስ ሞተር ኋላ ነው፣ ታንኩ ፊት። 40 ሊትር ገደማ ይይዛል። ሲሞላ ቤንዚኑ ብቻ ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ ኮብልስቶን ላይ ስትነዱ ይሄ ሁሉ ክብደት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ታንኩ ዙሪያውን ወጣ ያለ ጠርዝ አለው፣ ቦዲው ላይ የሚያርፈውም በሱ ነው። ከጠርዙ በታች ያለው አካሉ ደግሞ ለመንገድ የተጋለጠ ስለሆነ ጭቃውም ውሃውም ያገኘዋል። ስለዚህ ጎሚኒዋ ሁለት ሥራ አላት። ብረት ከብረት እንዳይፋጭ ትይዛለች፤ ውሃ፣ አቧራና የነዳጅ ሽታም ወደ ውስጥ እንዳይገባ ትዘጋለች።

አሁን ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ምን እናንጥፍ? አንዳንዱ አሮጌ ምንጣፍ ይቆርጣል፣ አንዳንዱ ስፖንጅ። ሲገጠም ቆንጆ ነው፣ ድምፁም ጸጥ ይላል፣ ግን ጨርቅና ስፖንጅ ውሃ ይጠጣሉ፤ አንዴ ከጠጡ ደግሞ እርጥበቱን ላሜራው ላይ ለጥፈው ስለሚይዙት ዝገቱ ከላይ ሳይታይ ከሥር ይበላዋል። የጎማ ከመነዳሪ የሚቆርጡም አሉ። እሱ ውሃ አይጠጣም፣ ችግሩ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይልፈሰፈሳል። የበር ጎሚኒም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው። ሲሊኮን መቀባትማ አታስቡት፣ ቤንዚን አይችልም።

የሚሻለው ነዳጅ የሚቋቋም ጎማ ነው፤ ናይትራይል ይባላል። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ካላችሁ አትከራከሩ። ትንሽ ቁራጭ ክዳን ባለው የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ቤንዚን ላይ ጣሉና አሳድሩት፣ ከእሳትና ከልጆች አርቃችሁ። ጠዋት ካበጠ ወይም ከለሰለሰ መልሱለት። ውፍረቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ወፍራም ይሻላል ብላችሁ ከደራረባችሁ ታንኩ ከፍ ይልና ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ነዳጅ የሚሞላው ከውጭ በቀኝ በኩል ስለሆነ የመሙያው አንገት ከቀዳዳው ጋር አልገጥም ይላል።

በነገራችን ላይ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። ይቺ መኪና በአሮጌ ምንጣፍ የምትሸነገል አይደለችም።

ታንኩን ከማውረዳችሁ በፊት ባትሪውን ንቀሉ፤ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ቤንዚኑን ቀድታችሁ አውጡ፣ ከሥር ያለውን ቱቦ ስትነቅሉ የሚተርፈው በራሱ ክብደት ስለሚፈስ መድፈኛ አዘጋጁ። ሥራው ደጅ ላይ ይሁን። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፣ ጉድጓድ ካለ ይሞላዋል። ባዶ ታንክ ደግሞ ከሞላው የባሰ ነው፤ ውስጡ ትነትና አየር ተቀላቅሎ ቁጭ ብሏል። ቀዳዳ ካገኛችሁ «ትንሽ ብየዳ ነው» የሚላችሁን ሰው አትስሙ።

[ምስል፦ ታንኩ ወጥቶ የቦዲው ጠርዝ በቅርበት]

ታንኩ ሲወጣ የቦዲውን ጠርዝ እዩት። የዛገውን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ንጹሕ ብረቱ አውርዱ፣ አንቲረስት ቀቡ፣ ከዚያ ቀለም። በደንብ ይድረቅ። እርጥብ ቀለም ላይ ጎሚኒ ከለጠፋችሁ ሙጫውም ቀለሙም አብረው ይነሳሉ። ጎሚኒዋን ዙሪያውን ሳትወጥሩ ለጥፉ፤ የተወጠረች ጎሚኒ ቆይታ ትሰበሰብና ክፍተት ትተዋለች። ሁለቱ ጫፎች የሚገናኙበትን ሰያፍ ቁረጡት።

ከዚያ ታንኩን አስቀምጡ። አራት መያዣ፣ አራት ብሎን። አንዱን ጥርቅም አድርጋችሁ ወደ ቀጣዩ አትሂዱ። ሁሉንም በእጅ አስገቡና በሰያፍ፣ ፊት ግራ፣ ኋላ ቀኝ፣ እያላችሁ ትንሽ ትንሽ አጥብቁ። ጎሚኒዋ በሲሶ ያህል ስትጨመቅ አቁሙ። ይሄ ላይ ጉልበት ማሳየት ምን ያደርጋል? ከመጠን በላይ ካጠበቃችሁ ጎሚኒዋ ጠፍጣፋ ትሆንና ብረቱ መልሶ ብረት ላይ ያርፋል።

የነዳጅ ጌጁ በኤሌክትሪክ ከሆነ የማሳውን ሽቦ፣ ማለትም ታንኩን ከቦዲው ብረት ጋር የሚያገናኘውን፣ አትርሱ፤ ታንኩ ጎማ ላይ ስለተቀመጠ ጌጁ ሊዋሽ ይችላል። የሥሩን ቱቦም በአዲስ የነዳጅ ቱቦ ቀይሩ፣ በደንብም እሰሩት።

መጀመሪያ 5 ሊትር ብቻ ሙሉ። ሥሩን በባትሪ መብራት እዩ፣ በጣታችሁ ዳስሱ። ደረቅ ከሆነ ሙሉትና ትንሽ ንዱት፣ ኮረኮንች ላይ ቢሆን ይመረጣል። ጎሚኒዋ ቦታዋን ስትይዝ ብሎኖቹ ትንሽ ይላላሉ፤ ከሳምንት በኋላ በ13 ቁልፍ ደግማችሁ ሞክሯቸው።