መረቡ ከተነሳበት ሰዓት ጀምሮ፦ በባሕር ዳር ለአስጋሪዎችና ለዓሣ አዘጋጆች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የጣና አስጋሪዎች፣ የተከበራችሁ ዓሣ ገዝታችሁ ፊሌቶ የምታወጡ እህቶችና ወንድሞች፤

የተበላሸ ዓሣ በተገኘ ቁጥር አስጋሪው «ሳስረክብ ደህና ነበር»፣ አዘጋጁም «ሲመጣልኝም እንዲሁ ነበር» ይላል። በእኔ እምነት ሁለቱም አይዋሹም፤ በመካከላቸው ማንም ያልመዘገበው ሰዓት አለ።

ማታ የተጣለ መረብ ጠዋት ሲነሳ ከፊሉ ቆሮሶ (ቲላፒያ ዓሣ) በሕይወት ይወጣል፣ ከፊሉ ግን ከሞተ ሰዓታት አልፈውታል። ሁለቱ በአንድ ታንኳ፣ በእርጥብ ደንገል ላይ ተደባልቀው ፀሐይ እየመታቸው ዳር ሲደርሱ፣ አዘጋጁ ሁሉንም እኩል ትኩስ ነው ብሎ ይረከባል። ያው ዓሣ ወደ አዲስ አበባ ከተጫነ ደግሞ የዓባይ በረሃ ሙቀት ይጠብቀዋል።

«ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የሚባለው ለሹማምንት ቢሆንም ለእኛም ግማሽ እውነት አለው፤ ስንጥቡ ቀይነቱን ሲያጣ ምልክት ነውና። ሌላው ግማሽ ሆድ ዕቃው ነው። ቶሎ ማውጣቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከብት በሚጠጣበትና ልብስ በሚታጠብበት ዳርቻ ከታጠበ፣ ንጹሕ የነበረው ሥጋ ተሕዋስ ይዞ ይሄዳል። በአዘጋጆችም በኩል፣ ሆድ ዕቃ ያወጣ ቢላዋ ሳይታጠብ ፊሌቶ ሲለይ በዓይኔ አይቻለሁ። ጥሬ ዓሣ ለሚያቀርቡ አንድ ቃል ብቻ ልጨምር፦ በሥጋው ውስጥ ያሉ የትል እጮች በአዋዜ አይሞቱም፤ ማብሰል፣ አለዚያም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለ7 ቀን ማቆየት ያስፈልጋል።

ዋናው ግን በረዶ ነው። በሙቀት በአንድ ቀን የሚበላሽ ዓሣ፣ በሚቀልጥ በረዶ በደንብ ከተሸፈነ ከሳምንት በላይ ይቆያል። በሞቃት አካባቢ ልምዱ ለ1 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ በረዶ ነው። አስጋሪው ይህን የማያደርገው ባለማወቅ አይመስለኝም፤ በረዶ የገዛውም ያልገዛውም በኪሎ እኩል ስለሚከፈላቸው ነው። አዘጋጁ ኋላ ፍሪጅ ውስጥ ቢከተው መበላሸቱ ይዘገያል እንጂ ያለፈው ሰዓት አይመለስም።

ስለዚህ አስጋሪው በሕይወት የወጣውንና ሞቶ የወጣውን ለየብቻ ያስቀምጥ፤ መረቡ የተነሳበትን ሰዓት በወረቀት ጽፎ ከዓሣው ጋር ያስረክብ። አዘጋጁም በበረዶ ለመጣው በኪሎ ጭማሪ ይክፈል። የጭማሪውን ልክ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ የዐቢይ ጾም ገበያ ከመድረሱ በፊት ማለቅ ስላለበት፣ ከሻይ በኋላ ሁለታችሁም ወገኖች በአንድ ጠረጴዛ እንድትቀመጡ እጠይቃለሁ።