ጽኑ ሕክምና ክፍል፦ ከበሩ ውጪ የቀረው ቤተሰብ

ሰላም ሰላም! ዛሬ ስለ ጽኑ ሕክምና ክፍል ነው። ስለ ታማሚው ግን አይደለም፤ ከበሩ ውጪ ስለቀረው ሰው ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ተገኘ። ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል፣ ኋላም ሚሊኒየም አዳራሽ ለኮቪድ ሕክምና ዋሉ። እኛ ደግሞ የታመመ ስንጠይቅ እንዴት ነው? ሚኒባስ ሞልተን! አጥሚት፣ ብርቱካን፣ ጸበል ይዘን። ያ ሁሉ ቀረና በሩ ተዘጋ። የቀረው ስልክ ብቻ ነበር።

እስኪ አውቶቡስ ተራ ቁሙልኝ። እናታችሁ ከጎንደር እየመጡ ነው። 11 ሰዓት ይደርሳሉ ተባለ። 11 ሆነ፣ የሉም። 12 ሆነ፣ የሉም። የደወለ የለም። 1 ሰዓት ላይ በእናንተ ሐሳብ አውቶቡሱ ዓባይ በረሃ ገደል ገብቷል፣ ድንኳን ተተክሏል፣ ንፍሮ ተቀቅሏል። አሁን ከመጀመሪያው እንጀምር። ያው አውቶቡስ፣ ያው መዘግየት። ረዳቱ ግን ደወለ፦ «ደጀን ላይ ጎማ እየቀየርን ነው፤ ጎሃ ጽዮን ስንወጣ እደውላለሁ።» ጎሃ ጽዮን ሲወጣ ደወለ። አውቶቡሱ ያው 3 ሰዓት ዘገየ፤ እናንተ ግን ቡና እየጠጣችሁ ነው። አውቶቡሱ አልፈጠነም፤ ረዳቱ ደወለ እንጂ! (ክብር ለረዳቶች። መልስ የማይመልሱትን አይጨምርም።)

በጽኑ ሕክምና ክፍልም እንዲሁ ነው፤ ረዳቱ ሐኪሙ ነው። ቤተሰቡ በእንክብካቤው ምን ያህል እንደረካ መለኪያው? ቶሎ ልበለው። ኤፍኤስ-አይሲዩ 24 ይባላል፣ መነሻው ካናዳ ነው። 14 ጥያቄ ስለ እንክብካቤ፣ 10 ስለ ውሳኔ አሰጣጥ። እያንዳንዱ መልስ 0፣ 25፣ 50፣ 75 ወይም 100 ይሆናል፣ ከዚያ አማካይ። ልብ በሉ፣ «ጥሩ» 50 ብቻ ነው! በኛ ይሉኝታ ደግሞ ነርሷ ፊት ቆማ ብትጠይቅ ሁሉም «ተመስገን፣ በጣም ጥሩ» ነው፤ ስለዚህ ጠያቂው ከክፍሉ ሠራተኛ ውጪ ይሁን። በወረርሽኙ ጊዜ ሌላም ችግር መጣ፦ ስለ ቤተሰብ ማረፊያ ክፍሉ የሚጠይቅ ጥያቄ አለ። ማን ገብቶ ያውቀዋል? ባዶ ይተዋል እንጂ 0 አይሞላም።

አሁን አስተያየት መስጫው ላይ የምትጽፉት፦ «ሰው ሞቶ ምን እርካታ አለ? የሚረካው የዳነለት ነው።» ይቺን ሳልመልስ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2007 ከአሜሪካ፣ ከሲያትል የወጣ ጥናት በተቃራኒው ነው ያገኘው፦ ታማሚያቸው የሞተባቸው ቤተሰቦች ከዳነላቸው ይልቅ በእንክብካቤው ረክተው ነበር። አዎ፣ ይልቅ! ልዩነቱ የታየው በመከበር፣ በመጽናናት፣ በውሳኔ በመካተት ነው። በኔ ግምት፣ ሊሞት ለተቃረበ ሰው ሐኪሙ ቤተሰቡን አስቀምጦ ያወራል። ለሚሻለው ደግሞ «ደህና ነው» ብሎ ያልፋል። እርካታ ማለት ደስታ አይደለም፣ ወገኖቼ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ እኔን ደስታም እርካታም ነሥታችሁኛል፤ ቁልፏን ንኩ።

ወደ ስልኩ። በየቀኑ በተቆረጠ ሰዓት ይደወል፣ ለውጥ ባይኖርም። ለመጥፎ ዜና ብቻ ከተደወለ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ቤቱ ይርዳል። ከቤተሰቡ አንድ ተጠሪ ይመረጥ፤ ዋሽንግተን ላለው ወንድምም እሱ ያድርስ። ያለዚያ አምስት ሰው ለአምስት ተረኛ ሐኪም ደውሎ አምስት ወሬ ይዞ ይጣላል። «ስቴብል ናቸው» አይባል! ሐኪሙ «አልተለወጡም» ማለቱ ነው፤ ቤተሰብ የሚሰማው «ተሽሏቸዋል» ነው። እንዲህ ይባል፦ «ትናንት 80 በመቶ ኦክስጅን ይፈልጉ ነበር፣ ዛሬ 60 በቅቷቸዋል፤ ግን አሁንም የሚተነፍሱት በማሽን ነው።» ከዚያ ተጠሪው «ለቤተሰብ ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» ተብሎ ይጠየቅ። ያልገባው ነገር እዚያ ላይ ይወጣል።

ቪዲዮ ከሆነ ታብሌቱ በንጹህ ላስቲክ ይሸፈን፣ ከእያንዳንዱ ታማሚ በኋላ በ70 በመቶ አልኮል ይጠረግ። ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ደግሞ ይነገር፦ «አፋቸው ላይ ቱቦ አለ፤ ለሳንባቸው ብለን በሆዳቸው አስተኝተናቸው ስለነበር ፊታቸው አብጧል።» ሳይነገር የተከፈተ ካሜራ ከተዘጋ በር ይብሳል።

አንድ የኛ አገር ጉዳይ ቀረ፦ መርዶ። በኛ ወግ ማልዶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በሽማግሌ ነው የሚነገረው፤ በስልክ አይደለም። ስለዚህ ታማሚው በገባበት ዕለት፣ ገና ሁሉም ሰው ሲረጋጋ፣ ካርዱ ላይ ሁለት ስም ይጻፍ፦ የዕለት ወሬ የሚቀበለው ተጠሪና፣ ክፉ ነገር ቢመጣ መጀመሪያ የሚደወልለት፣ ሌላውን ሰብስቦ መንገር የሚችል ሰው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደሉም።